ፈሳሽ መነሻውን ይረሳልን?

ካርቱም ላይ አባያችንና ነጭ አባይ ሲገናኙ ወዲያው አንድ ወንዝ አይሆኑም። ሁለቱ ቀለሞች ጎን ለጎን ይጓዛሉ፤ ድንበራቸው ላይ ውሃው እየዞረ ቀስ በቀስ ይደባለቃል። ሁለት ፍሰቶች በተለያየ ፍጥነት ጎን ለጎን ሲሄዱ በመካከላቸው የሚወለደውን ይህን ድንበር እዚህ የመቀላቀያ ንጣፍ ብለነዋል። በሞተር ውስጥ ነዳጅና አየር የሚገናኙትም በዚሁ ዓይነት ድንበር ላይ ስለሆነ ነገሩ የወንዝ ጨዋታ ብቻ አይደለም።

ድንበሩ ጸንቶ እንደማይቆም፣ ትንሽ ሞገድ ከተነሣበት እየጎላ እንደሚሄድ ሄልምሆልትዝ በ1868፣ ኬልቪን በ1871 አሳይተዋል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እዚህ ላይ ጠብ የለም። ጠቡ የመጣው በኋላ ነው።

ታውንሴንድ በ1956 ባሳተመው መጽሐፍ ያጸናው እምነት፣ ሁከታዊ ፍሰት ሩቅ ከተጓዘ መነሻውን ይረሳል የሚል ነበር። በምንም ይጀምር በምን፣ መጨረሻው አንድ መልክ ነው። እምነቱ ደስ ይላል፤ ሥራም ያቀላል! ይሁንና ብራድሾው በ1966 መርሳቱ ረጅም መንገድ እንደሚጠይቅ አሳየ። ሁለቱን ፍሰቶች በሚለያየው ሰሌዳ ላይ ተለጥፋ የምታዘግም ስስ ሽፋን አለች፤ ንጣፉ የዚችን ሽፋን የሞመንተም ውፍረት 1,000 ጊዜ ያህል መጓዝ አለበት። ለመሆኑ ስንቱ ቤተ ሙከራ ነው ይህን የሚችለው?

በ1974 ብራውንና ሮሽኮ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ሂሊየምና ናይትሮጅንን ጎን ለጎን ለቀው ጥላውን ፎቶግራፍ አነሡ። የፈለጉት እኮ ሌላ ነበር፤ የእፍግታ ልዩነት የንጣፉን እድገት ምን ያህል እንደሚለውጥ ማወቅ። ፎቶግራፉ ላይ ግን በዝብርቅርቁ ፈንታ ተራ የያዙ ግዙፍ አዙሪቶች ታዩ። ታዲያ አዙሪቶቹ የተፈጥሮ ናቸው ወይስ የመግቢያው ሥራ? ቻንድርሱዳ፣ ብራድሾውና ባልደረቦቻቸው በ1978፣ የሚገባው ፍሰት ራሱ የታወከ ከሆነ ያ ሥርዓት ላይገኝ ይችላል ብለው ሞገቱ። በ1982 ደግሞ ኦስተርና ዊግናንስኪ ሰሌዳው ጫፍ ላይ ትንሽ ክንፍ ገጥመው፣ በጥቂቱ በማወዛወዝ ብቻ የንጣፉን እድገት ሲያፋጥኑም ሲገቱም ታዩ።

ኮምፒውተር ሲመጣ ሙግቱም አብሮ ገባ። ቤተ ሙከራ ውስጥ አየሩ የራሱን ሁከት ይዞ ይመጣል፤ ኮምፒውተር ግን ካልነገሩት ምንም አያውቅም። መግቢያው ላይ ምን ይጻፍለት? ቀላሉ ዘዴ በአማካዩ ፍጥነት ላይ እንደ ዕጣ የወጡ ቁጥሮችን መበተን ነው። ምን ዋጋ አለው፣ ቁጥሮቹ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ዝምድና ስለሌላቸው ጥቂት ሳይጓዙ ይሞታሉ፤ የታወከ የመሰለው ፍሰት በተግባር የተረጋጋ ሆኖ ይቀራል። ሉንድ፣ ዉና ስኳየርስ በ1998 ለግድግዳ ላይ ፍሰት ያቀረቡት መላ ይሻላል፤ ከታች ያለውን ፍሰት ቀድቶ፣ መጠኑን አስተካክሎ፣ ወደ መግቢያው መመለስ። ግን ተጨማሪ ስሌት ስለሚጠይቅ ውድ ነው።

ሮጀርስና ሞዘር በ1994 መግቢያ በሌለው ሳጥን ውስጥ፣ በጊዜ ብቻ የሚያድግ ንጣፍ አሰሉ። በር ባይኖርም መነሻ አለ። መነሻው ላይ ሰሌዳውን ተከትለው ወጥ ሆነው የሚዘረጉትን ሞገዶች ሲያጎሏቸው፣ እነብራውን ያዩት ዓይነት ጥቅል አዙሪት ወጣ፤ የእድገቱ ፍጥነትም ጨመረ። እንግዲህ አንድ ሰው «ኮምፒውተሬ አዙሪቱን አሳየኝ» ሲለን፣ ምን አስገብተህለት ነው ብለን መጠየቅ መብታችን ነው።

ጆርጅ በ1989 ከዚያም አልፎ፣ የመጨረሻው መልክ ራሱ እንደ መነሻው ይለያያል ሲል ጽፎ ነበር። እኛም ወደዚያው እናጋድላለን። የታውንሴንድ ወገኖች፣ ንጣፉ ገና አልተጓዘም፣ ቆዩ ይሉናል። ስንት ይጓዝ ስንላቸው ግን ሳጥኑም ቤተ ሙከራውም ያልቃል።