ኮተቤና የቃል ጥናት፤ ከኮርስ አደረጃጀት ታሪክ

ከቦሌ በስተ ሰሜን፥ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ የሚገኘው ኮተቤ በአገራችን የትምህርት ታሪክ ትልቅ ስፍራ አለው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1943 የተከፈተው በዚያ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። በካናዳዊው በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት በ1950 ሥራውን ለጀመረው ዩኒቨርስቲ ኮሌጅም ተማሪዎችን ካዘጋጁት አንዱ ይኸው ትምህርት ቤት ነው። በኋላ ደግሞ መምህራን የሚሠለጥኑበት ተቋም ወደ ኮተቤ መጣ።

ኮሌጁ ሲቋቋም የኮርሱ መልክ ከውጭ አገር ተወሰደ፤ ይኸውም መምህሩ ይናገራል፥ ተማሪው ይጽፋል፥ በመጨረሻም ይፈተናል። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ግን አስቀድመው ሌላ ሥርዓት ያውቁ ነበር። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ቀን ከመጽሐፍ ያነባል፤ ማታ ግን ያለ መጽሐፍ የቃል ትምህርቱን ይቀጽላል። ያጠናውን ለየኔታ ሳያሰማ ወደሚቀጥለው አያልፍም። ይህ ሁሉ «ሽምደዳ» ተብሎ ተናቀ።

ንቀቱ ፈጽሞ ያለ ምክንያት አልነበረም። ልጁ የግዕዙን ዳዊት ትርጉሙን ሳያውቅ ይደግም ነበርና፥ ይህን ጉድለት መሸፈን አይገባም። ነገር ግን ትርጉም አለመረዳትና ያለ መጽሐፍ ማስታወስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ነቃፊዎቹ ሁለቱን አንድ አድርገው ጣሉ።

የሥነ ልቡና ምርምር በዚህ ረገድ የሚለው አለው። ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው ጥናት በተለያዩ ቀኖች የተከፋፈለ ጥናት በአንድ ጊዜ ከተከመረው እንደሚበልጥ አመለከተ። በ2006 አሜሪካውያኑ ሮዲገርና ካርፒክ አንዱን የተማሪ ቡድን ጽሑፍ አራት ጊዜ እንዲያነብ፥ ሌላውን አንድ ጊዜ አንብቦ ሦስት ጊዜ ከአእምሮው እንዲጽፍ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ አንባቢዎቹ በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን አንባቢዎቹ ከመቶ 40 ያህል፥ አስታዋሾቹ 61 ያህል አስታወሱ። ለየኔታ ማሰማት ማለት እኮ ይኸው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የቅኔ ቤት አደረጃጀት ሊመረመር ይገባዋል። ተማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምርና በየደረጃው እየጨመረ እስከ ስምንቱ የመወድስ ቤት ይወጣል፤ አእምሮው የሚሸከመው በልክ ያድጋል። በዚህም ላይ ሽምደዳ አይረዳውም፤ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ቈጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል፥ መምህሩም ወዲያው ያርሙታል። ሙሉ ቤት የደረሰውም ቢሆን ከጉባኤ ቃናው ይነሣል እንጂ «አልፌዋለሁ» ብሎ አይተወውም።

ከ2012 ወዲህ በዩኒቨርስቲዎቻችን የሞጁል ሥርዓት ሲገባ፥ በብዙ ክፍሎች አንድ ኮርስ በጥቂት ሳምንታት ተጠቃሎ እንዲያልቅ ተደርጎ ነበር። ይህ ለሰዓት ድልድል ይመቻል፤ ተማሪው ግን ባለቀው ኮርስ ላይ ዳግመኛ ሳይጠየቅ ወደ ሌላው ይሻገራል። ኤቢንግሃውስም ቅኔ ቤቱም የሚቃወሙት ይህንኑ ነው። መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በኮተቤ የሚሠለጥን መምህር በየሳምንቱ መጀመሪያ ደብተር አስዘግቶ፥ ያለፈውን ሳምንትና ያለፈውን ወር ትምህርት ለ10 ደቂቃ ከአእምሮ ቢያስጽፍ፥ ያለ ማርክም ቢያርም፥ ሙከራው በአንድ ሴሚስተር ውስጥ ሊታይ ይችላል።