የሌሊት ሳልና የእንጥል ቆረጣ ልማድ በአዲ አርቃይ አገር

ከጎንደር ተነሥቶ በደባርቅ በኩል የሊማሊሞን ቁልቁለት የወረደ መንገደኛ አዲ አርቃይን ያገኛል። በዚህ አገር፣ እንደ ሌላው የሰሜን ኢትዮጵያ ክፍል ሁሉ፣ ሕፃን ሌሊቱን ሲስል ያደረ እንደ ሆነ «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ ወደ እንጥል ቆራጭ ይወሰድ ነበር። ልማዱ በሰሜኑ አገራችን ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው፣ አባቶቻችን ሕመሙን በሚገባ ማየታቸውን፣ መንሥኤውን ግን ከአንድ ሥፍራ ብቻ መፈለጋቸውን ነው።

አሳባቸው ያለ ምክንያት የመጣ አልነበረም። ብዙ ጊዜ የሚስል ሕፃን አፉ ተከፍቶ ሲታይ እንጥሉ ቀልቶና አብጦ ይገኛል። ይሁን እንጂ ይህ የሕመሙ ምልክት እንጂ ሥሩ አይደለም። ቆረጣውም ደም ያፈሳል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ባልተቀቀለ ምላጭም በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል።

የሌሊት ሳል መንሥኤው ብዙ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ሲተኛ የአፍንጫው ፈሳሽ ወደ ጉሮሮው ይወርዳል። አስም ወደ ንጋት ገደማ ይብሳል። ጢስ መውጫ በሌለው ቤት የኩበትና የእንጨት ጢስ ደረትን ይጎዳል። ትክትክ ሕፃናትን ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ያስላል። የሳንባ ነቀርሳ ደግሞ ከሳሉ ጋር የሌሊት ላብና ክሳት ያመጣል፤ ተሕዋሱንም ሮበርት ኮኽ እ.ኤ.አ. በ1882 ለዓለም አስታወቀ።

በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችንና ነርሶችን ለየጤና ጣቢያው ማሠልጠን ጀመረ። አዲሱ ትምህርት መድኃኒት ብቻ ሳይሆን አዲስ ጥያቄም አመጣ፤ ይኸውም «ሳሉ ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?» የሚለው ነው። ዛሬ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል አክታው ይመረመራል፤ ነቀርሳ ሆኖ ቢገኝ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር መድኃኒት ይድናል። ለትክትክ ክትባት፣ ለአስም የሚሳብ መድኃኒት አለ።

የቀድሞው መድኃኒት ሁሉ የሚጣል አይደለም። ማር ሳልን ያስታግሣል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን አይሰጥም። ስለዚህ የኛ የተማሪዎች ተግባር እናቶችን መውቀስ ሳይሆን፣ እንጥል ለምን እንደሚቀላ ቀርቦ ማስረዳት ነው። ምክንያቱ የገባት እናት ልጇን ለምላጭ አትሰጥም።