«ሎኬሽን» ለምን ሩቅ ሆነ? የጆሃንስበርግ የቤትና የሥራ መንገድ ታሪክ

አበው «ሰው ሩቅ አሳቢ፣ ቅርብ አዳሪ ነው» ይላሉ። አባባሉ የሰውን ዕድሜ አጭርነት ለማስታወስ የተነገረ ነው። በጆሃንስበርግ ግን ነገሩ የተገለበጠ ይመስላል፤ ብዙው ሠራተኛ መሐል ከተማ ውሎ ዳር አገር ያድራልና። አዲስ የመጣ ወገን ቤት ሲፈልግ አስቀድሞ የሚጠይቀው የኪራዩን ዋጋ ነው። «ሎኬሽን ርካሽ ነው» የሚለው ምክርም ወዲያው ይነገረዋል። ይሁንና «ሎኬሽን» የተባለው ሠፈር ለምን ርካሽ እንደሆነና ለምን ከሥራ ቦታ እንደራቀ የሚነግረው ጥቂት ነው። ታሪኩን ላወቀ ሰው ግን የቤት ምርጫው ስሌት ይለወጣል።

እንደሚታወቀው ጆሃንስበርግ የተቆረቆረችው ወርቅ በተገኘበት በ1886 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ድኻው፣ ሕንዱና ጥቁሩ ከመሐል ከተማው ምዕራብ ባለው ጭቃማ ሠፈር ተጠጋግቶ ይኖር ነበር። ቤቱ ደሳሳ ቢሆንም ሥራው በእግር የሚደረስበት ነበር። በ1904 በዚያ ሠፈር የወረርሽኝ በሽታ ገባ። የከተማው አስተዳደር ነዋሪውን አስወጥቶ ሠፈሩን በእሳት አቃጠለው። ጥቁሮቹ ነዋሪዎች የተወሰዱት ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ከከተማው የፍሳሽ ማስወገጃ አጠገብ ወደሚገኘው ክሊፕስፕሩት ነበር። በሽታው አለፈ፤ ሰዎቹ ግን ወደ ቀድሞ ሠፈራቸው አልተመለሱም። ቦታው ዛሬ ፒምቪል ይባላል፤ ኋላ ሶዌቶ የተባለችው ሰፊ መኖሪያ የተጀመረችውም ከዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ርቀቱ ሕግ ሆነ። በ1922 ስታላርድ በተባለ ሰው የሚመራ አንድ ኮሚሽን፣ ጥቁር ሰው ወደ ከተማ መግባት ያለበት ነጩን ለማገልገል ብቻ እንደሆነና አገልግሎቱን ሲጨርስ መውጣት እንዳለበት ሐሳብ አቀረበ። በ1923 የወጣው የከተማ ቦታዎች ሕግ ይህንኑ መንፈስ ተከትሎ ማዘጋጃ ቤቶች ለጥቁሮች የተለየ መኖሪያ እንዲከልሉ ፈቀደ። ለዚህ ክልል በእንግሊዝኛው ሕግ የተሰጠው ስም «ሎኬሽን» ነበር። ዛሬ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች «ሎኬሽን ወጣሁ፣ ሎኬሽን ገባሁ» እያሉ በየቀኑ የሚጠሩት ቃል እንግዲህ ከዚያ የመጣ ነው። በሕጉ አፍ ሲነገር፣ ጉልበቱ የሚፈለግ ጎረቤትነቱ ግን የማይፈለግ ሰው የሚያድርበት ቦታ ማለት ነበር።

ከሁሉ የታወቀው የማፈናቀል ሥራ የተፈጸመው በሶፊያታውን ነው። ከመሐል ከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ ርቆ በሚገኘው በዚህ ሠፈር ጥቁሮች የቤትና የመሬት ባለቤቶች ነበሩ። በየካቲት 9 ቀን 1955 ሁለት ሺህ ያህል የታጠቁ ፖሊሶች መጥተው ነዋሪውን ከነዕቃው በመኪና እየጫኑ በዛሬው ሶዌቶ ውስጥ ወዳለው ሜዶውላንድስ ወሰዱት። ቤቶቹ ፈረሱ። በምትካቸው የነጮች ሠፈር ተሠርቶ በአፍሪካንስ ቋንቋ «ድል» የሚል ትርጉም ያለው ትሪዮምፍ የሚል ስም ተሰጠው። የቀድሞ ስሙ የተመለሰለት በ2006 ነው። የተፈናቀለው ሰው ቤቱን ብቻ አይደለም ያጣው። ጠዋት ሥራ ለመግባት ጨለማ ሳይገፍ እንዲነሣ፣ ማታም ልጆቹ ከተኙ በኋላ እንዲደርስ ተፈርዶበታል።

የርቀቱን ዋጋ ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ ሕዝቡን ለትግል ያስነሣበት ጊዜም ነበር። በ1912 የተመሠረተችው አሌክሳንድራ ከከተማው በስተሰሜን 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ኔልሰን ማንዴላ በ1941 ወደ ጆሃንስበርግ ሲመጣ የኖረው በዚያች ሠፈር ነበር፤ የአውቶቡስ ሳንቲም ለማትረፍም ብዙ ቀን ወደ ሥራው በእግሩ ይሄድ ነበር። ይህ ሰው በ1962 ወታደራዊ ሥልጠና ለመውሰድ ኢትዮጵያ ድረስ የመጣው ያው ማንዴላ ነው። በ1943 የአውቶቡስ ዋጋ ከ4 ፔኒ ወደ 5 ፔኒ ከፍ ሲል የአሌክሳንድራ ሕዝብ አልሳፈርም ብሎ ዘጠኝ ቀን በእግሩ ተጓዘ፤ ማንዴላም አብሮ ተሰለፈ። ጭማሪው ተነሣ። በጥር 1957 ፑትኮ የተባለው የአውቶቡስ ኩባንያ ያንኑ አንድ ፔኒ እንደገና ሲጨምር፣ ሕዝቡ «አዚክዌልዋ»፣ ማለትም «አይሳፈሩበትም» ብሎ ሦስት ወር ያህል በእግሩ ሄደ። ወንዱም ሴቱም በዝናብና በፀሐይ በቀን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዟል። በመጨረሻ ልዩነቱን አሠሪዎች የሚሸፍኑበት ሕግ ወጣ። ሠራተኛውን አርቆ ያሰፈረው ወገን የመጓጓዣውንም ዋጋ እንዲጋራ ተገደደ ማለት ነው።

ርቀቱ የባሰበትም ነበር። በ1980ዎቹ ከፕሪቶሪያ በስተሰሜን ምሥራቅ ከሚገኘው ከክዋንዴቤሌ የሚነሡ ሠራተኞች የመጀመሪያውን አውቶቡስ የሚይዙት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሳይሞላ ነበር። ዴቪድ ጎልድብላት የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ በጨለማ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠው የሚያንቀላፉትን ሰዎች ያነሣቸው ሥዕሎች ዛሬም የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው።

የይለፍ ወረቀት ሕግ በ1986፣ ሠፈርን በዘር የሚከፋፍለው ሕግ ደግሞ በ1991 ተሻረ። ሆኖም ሕግ በአንድ ቀን ሲሻር ቤትና መንገድ በአንድ ቀን አይዛወርም። እንዲያውም ሥራው ራሱ ወደ ሰሜን ሸሸ። የአክሲዮን ገበያው በ2000 ከመሐል ከተማ ወደ ሳንድተን ሲዛወር ብዙ ኩባንያዎች ቀድመውት ሄደው ነበር። ለአሌክሳንድራ ነዋሪ ሥራው ቀረበው፤ ለሶዌቶ ነዋሪ ግን ከቀድሞው ይልቅ ራቀ። በ2009 ሪያ ቫያ የተባሉት አውቶቡሶች ከሶዌቶ ወደ ከተማ ጀመሩ። በ2010 ደግሞ ፈጣኑ ጋውትሬን ባቡር ሳንድተንን ከአውሮፕላን ማረፊያው ጋር አገናኘ፤ ሐዲዱ ግን ሶዌቶ አይደርስም። ድኻው ይሳፈርበት የነበረው ርካሽ ባቡርም በ2020 በኮሮና ምክንያት በቆመ ጊዜ ሐዲዱና ጣቢያው ተዘርፎ ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ፤ ከዚያ ወዲህ የተመለሰው ቀስ በቀስ ነው። በመሆኑም ዛሬ አብዛኛው ሰው ጠዋት ጠቋሚ ጣቱን ወደ ላይ አንሥቶ «ወደ ከተማ ነኝ» የሚለው ለሚኒባስ ታክሲው ነው።

ኢትዮጵያውያን በብዛት መምጣት የጀመሩት በ1990ዎቹ፣ ሐኪሞችና ኩባንያዎች መሐል ከተማውን ለቀው በሚወጡበት ጊዜ ነበር። በጄፔ መንገድ የሐኪሞች ክሊኒክ የነበሩት ፎቆች ባዶ ሲቀሩ ክፍሎቹን ወገኖቻችን ተከራይተው ሱቅ አደረጓቸው። አንሶላና ብርድ ልብስ ተሸክመው በየሎኬሽኑ ቤት ለቤት በዱቤ የሚሸጡትም ዕቃቸውን የሚያነሡት ከዚያው ነበር። የሎኬሽን ሰው ጠዋት ወደ ከተማ ሲገባ ኢትዮጵያዊው ከከተማ ወደ ሎኬሽን ይወጣ ነበር። ብዙዎች ኋላ ይህን መመላለስ ለማስቀረት እዚያው ሱቅ ከፍተው ከባንኮኒው ጀርባ ማደር ያዙ። መንገዱ ዜሮ ሆነ፤ አደጋው ግን ሌሊቱን ሙሉ ከበር ውጭ ቆመ። በግንቦት 2008 በአሌክሳንድራ ተጀምሮ የ62 ሰዎችን ሕይወት ያጠፋው በውጭ አገር ሰዎች ላይ የተነሣ ጥቃት ይህንን በሚገባ አሳይቷል።

ቅርበትም ቢሆን ያለ ዋጋ አይገኝም። በመሐል ከተማው በአልበርት ጎዳና የሚገኘው ኡሲንዲሶ የተባለ ሕንጻ በአፓርታይድ ዘመን ጥቁሮች የይለፍ ወረቀት የሚጠይቁበት መሥሪያ ቤት ነበር። ባለቤቱ የከተማው አስተዳደር ሆኖ ሳለ ጠባቂ አጥቶ፣ ለሥራ ቅርብ መሆን የፈለጉ ድኾች በጣውላና በካርቶን እየከፋፈሉ ኖሩበት። በነሐሴ 31 ቀን 2023 ሌሊት በተነሣው እሳት 76 ሰዎች አለቁ። ወደ ከተማ መግባት የሚከለከልበት ቤት፣ ከተማ ገብቶ ለመኖር የሞከረ ሰው መቃጠያ ሆነ።

እንግዲህ ቤት የሚፈልግ ወገን የኪራዩን ዋጋ ብቻ ቢያይ ግማሹን ሒሳብ ብቻ ነው ያየው። ለመሄድ አንድ ሰዓት፣ ለመመለስ አንድ ሰዓት የሚፈጅበት ሰው በወር 24 ቀን ቢሠራ 48 ሰዓት፣ ማለትም ሁለት ሙሉ ቀንና ሌሊት በታክሲ ውስጥ ያሳልፋል። በዚያ ላይ የታክሲው ዋጋ፣ የማለዳና የምሽት ጨለማ፣ ልጅ ካለም ከትምህርት ቤት የሚያመጣው ሰው ይታሰባል። ቅርብ የሆነውም ቤት መውጫ በርና መብራት፣ ውኃና ጥበቃ እንዳለው አብሮ ይታያል። ኪራዩን ከመጠየቅ አስቀድሞ አንድ ቀን ጠዋት በሥራ ሰዓት መንገዱን ሄዶ መለካት ከማንም ምክር ይበልጣል።

የጆሃንስበርግ ርቀት በወረቀትና በፖሊስ የተሠራ ነው። የአሌክሳንድራ ሰዎች ለአንዲት ፔኒ ሲሉ ሦስት ወር በእግራቸው የሄዱት ፔኒዋ በዝታባቸው ብቻ አይደለም፤ ጊዜያቸውና ጉልበታቸው ዋጋ እንዳለው ስለሚያውቁ ነበር። ቤቱን የሚመርጥ ወገንም የራሱን ጊዜ በዚያው ሚዛን ቢመዝን አይከስርም።