ዘውዱ በሒሳብ መዝገብ ውስጥ

«ግላድስተን እንኳ አዝኗል» የምትባል አነጋገር አለች። ስለ መቅደላ ዘረፋ ወሬ በተነሣ ቁጥር ትጠቀሳለች። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ወታደሮቹ ከመቅደላ ያጋዟቸው ንዋየ ቅድሳት ከኢትዮጵያ በመውጣታቸው ማዘኑን ለፓርላማው ተናገረ ማለት ነው። ብዙዎቻችን ነገሩን ያወቅነው ነፍሳቸውን ይማረውና ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ከጻፏቸው መጣጥፎች ነው። እኔም በጽሑፎቼ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳልጠቅሳት አልቀረሁም። አንድ ቀን ግን አንድ ወዳጄ «ሰውየው ይህን ያለው መቼ ነው? ለማንስ ነው የመለሰው?» ብሎ ቢጠይቀኝ አፌ ተያዘ። በሰው ብዕር ያየሁትን ደገምሁ እንጂ ምንጩ ድረስ ሄጄ አላየሁትም ነበር። ይህ ጽሑፍ የዚያ እፍረት ውጤት ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእንግሊዝ ፓርላማ የክርክር መዝገብ «ሃንሳርድ» ይባላል። ከ1803 ወዲህ ያለው ዛሬ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይነበባል። ስለዚህ ሥራው የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ መስሎኝ ነበር። አልሆነም። ንጉሠ ነገሥቱን እኛ በምንጠራበት ስም ብፈልጋቸው ከእጄ የገባ ነገር አልነበረም። የዚያ ዘመን እንግሊዞች አፄ ቴዎድሮስን «ቴዎዶር»፣ መቅደላን «ማግዳላ»፣ አገሪቱን «አቢሲኒያ» ነው የሚሏቸው። በእነዚህ ስሞች ስፈልግ ደግሞ ጎርፍ መጣብኝ። ስለ ቆንስል ካሜሮንና ስለ ሌሎቹ እስረኞች፣ ሳይመለስ ስለቀረው የንጉሠ ነገሥቱ ደብዳቤ፣ ስለ ዘመቻው መነሣት ገጽ በገጽ ላይ ተደራርቧል። ስለ ዘውድና ስለ ጽዋ ግን ወሬ የለም። «ቅርስ» ብዬ ብፈልግ ምን ላገኝ? ቅርስ የእኛ ቃል ነው፤ ለእነሱ ነገሩ የጦር ምርኮ ነበር።

እዚህ ላይ መዝገቡ ራሱ እንዴት እንደተወለደ ማወቅ ያስፈልጋል። የእንግሊዝ ምክር ቤት በውስጡ የሚባለው ወደ ውጭ እንዲወጣ አይፈልግም ነበር። በ1738 የአባላትን ንግግር ማተም የምክር ቤቱን መብት እንደ መድፈር ይቆጠራል ሲል ወሰነ። ታዲያ በለንደን የሚታተም አንድ መጽሔት ክርክሮቹን «የሊሊፑት ሴኔት ወሬ» በሚል ሽፋን ያወጣቸው ጀመር። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ሳሙኤል ጆንሰን ነበር። ጆንሰን በአዳራሹ ውስጥ የተገኘው አንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነ ይነገራል፤ ሌሎች ከሚያመጡለት ጥቂት ማስታወሻ ተነሥቶ ንግግሮቹን ራሱ እየፈጠረ ይጽፋቸው ነበር። የሎቦን የአቢሲኒያ ጉዞ በ1735 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰውና በ1759 የአቢሲኒያውን ልዑል የራሴላስን ልብ ወለድ የደረሰው ይኸው ሰው ነው። አቢሲኒያን ሳያያት ጻፋት፤ ፓርላማውንም ሳይሰማው ጻፈው።

በ1771 ክርክሮቹን ያተሙ ሰዎች እንዲያዙ ትእዛዝ ሲወጣ የለንደን ከተማ ሹማምንት አታሚዎቹን ደግፈው ቆሙ። ከንቲባው ብራስ ክሮዝቢ ለዚህ ሲሉ ታወር በሚባለው ምሽግ ታሰሩ። ሕዝቡ ግን ከእሳቸው ጋር ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ምክር ቤቱ እያየ እንዳላየ አለፈ። ዊልያም ኮቤት በ1803 የጀመረውን ሥራ አታሚው ሃንሳርድ ወረሰው፤ ስሙም ለመዝገቡ ተረፈ። ይሁንና ሃንሳርድ ለብዙ ዘመን ንግግሩን በአብዛኛው ከጋዜጦች የሚለቅም የግል ሥራ ነበር። ምክር ቤቱ የራሱን ጸሐፊዎች ቀጥሮ የእያንዳንዱን አባል ቃል በሙሉ ማስመዝገብ የጀመረው በ1909 ነው።

የሚገርመው የኮሚቴዎቹ ነገር ነው። ዋናው አዳራሽ የራሱ ቃል ጸሐፊ ሳይኖረው፣ በጓዳ የሚቀመጡት መርማሪ ኮሚቴዎች ከ1813 ጀምሮ በአጭር ጽሕፈት የታወቀው የገርኒ ቤተሰብ በይፋ ተመድቦላቸው ነበር። የኮሚቴው አባል የጠየቀው ጥያቄ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የምስክሩ መልስ ከሥሩ ይከተላል። ስለዚህ የዚያን ዘመን ፖለቲከኛ ቃል በቃል ለመስማት የሚፈልግ ሰው ከታላቁ አዳራሽ ይልቅ የኮሚቴው ክፍል ይሻለዋል። ችግሩ የምስክርነቱ ቃል ከሃንሳርድ ጋር አለመቀመጡ ነው። «የፓርላማ ወረቀቶች» በሚባሉ ሌሎች ጥራዞች ውስጥ ነው ያለው። እነዚህ ደግሞ ያሉት በታላላቅ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ወይም በክፍያ በሚከፈቱ የኮምፒዩተር መዛግብት ውስጥ ነው። የነፃውን ፈትሾ «ምንም አልተባለም» የሚል ሰው ይሳሳታል።

ወደ መቅደላ ልመለስ። አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን የሠዉት በኤፕሪል 13 ቀን 1868 ነው። ግምጃ ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ ተዘረፉ። ዘረፋው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። በጁላይ 2 ቀን 1868 ዲዝራኤሊ ለጦሩ ምስጋና እንዲቀርብ ምክር ቤቱን ሲጠይቅ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሰንደቅ ዓላማ በራሴላስ ተራሮች ላይ መውለብለቡን ተናገረ። የጆንሰን ልብ ወለድ እዚህ ብቅ አለች! ጨረታውን የሚያነሣ ቃል ግን እንዲህ ባለ የድል ንግግር ውስጥ አይገባም።

ድግሱ ሲያልቅ ሒሳቡ መጣ። ምክር ቤቱ መጀመሪያ በኖቬምበር 1867 የፈቀደው ሁለት ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፤ ጠቅላላ ወጪው ወደ ዘጠኝ ሚሊዮን ተጠጋ። ገንዘቡ የት ገባ ተብሎ መርማሪ ኮሚቴ ተቋቋመና በ1869 እና በ1870 ሪፖርቱን አወጣ። ከለንደን ወንበር ሆኖ ሲታይ ኢትዮጵያ የወጪ ርዕስ ነበረች።

እኔም ፍለጋዬን ወደ ገንዘቡ ሳዞር ነው ግላድስተንን ያገኘሁት። ቀኑ ጁን 30 ቀን 1871 ነው። በእንግሊዝ ፓርላማ አንድ የቆየ ልማድ ነበረ፦ ለመንግሥት ገንዘብ ከመፈቀዱ በፊት አቤቱታ ይሰማ ነበር። አፈ ጉባኤው ወንበሩን ትቶ ምክር ቤቱ ወጪ መርማሪ ኮሚቴ ከመሆኑ በፊት አባላት የፈለጉትን ጉዳይ ማንሣት ይችሉ ነበር። በዚያ ቀን ከተነሡት አንዱ የአቡኑ የወርቅ ዘውድና ጽዋ ጉዳይ ነበር። ዕቃዎቹን የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆልምስ ከአንድ ወታደር በ4 ፓውንድ ገዝቷቸዋል። ዘውዱ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ለጎንደር ቁስቋም ያሠሩት እንደሆነ ይታመናል። ክርክሩ ግን ስለ ምንትዋብ አልነበረም፤ ጦሩ ለምርኮው ምን ይገባዋል በሚል ነበር።

ግላድስተን ተነሥቶ መለሰ። እነዚህ ዕቃዎች ለእኛ ኢምንት ቢሆኑም ለአቢሲኒያውያን የተቀደሱ ሳይሆኑ አይቀሩም፣ የእንግሊዝ ጦር ይዟቸው መምጣቱ እጅግ ያሳዝናል፣ ለምን እንደመጡም ሊገባኝ አይችልም አለ። ቀጥሎ ያለው ነገር ከዚህም ይበልጣል፤ ለምን ብዙ እንደማይጠቀስ አላውቅም። ጦሩን የመራው ሎርድ ናፒየር ራሱ፣ እነዚህ ዕቃዎች ከአገሪቱ ሀብት ጋር ሊቀላቀሉ አይገባም፣ ወደ አቢሲኒያ እስኪመለሱ ድረስ በአደራ ይቀመጡ ማለቱን ለምክር ቤቱ አስታወቀ። ማዘን የግል ስሜት ነው፤ አደራ ግን ግዴታ ነው። የመቅደላ አሸናፊ አደራ ማለቱ የተመዘገበው ስለ ወጪ ሊነጋገሩ በተሰበሰቡበት ሰዓት ነው።

አንድ ነገር ግን መደበቅ አይገባኝም። የ1871ዱ ሃንሳርድ የግላድስተንን ንግግር የጻፈው «አዘነ፣ ሊገባው አልቻለም» እያለ በሦስተኛ ሰው ነው። ከጋዜጣ የተለቀመ ስለሆነ የሰማነው የዘጋቢውን እጅ አልፎ ነው። በኮሚቴው ክፍል የገርኒ ጸሐፊ ፊት ቢናገረው ኖሮ እያንዳንዷ ቃል በእጃችን በገባች ነበር። ሐሳቡ ግን እንደ ጆንሰን ዘመን ፈጠራ ነው ለማለት ምክንያት የለም። ተናጋሪዎቹ በሕይወት እያሉ የታተመ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። አፄ ዮሐንስ በ1872 ጽፈው ከሁለት ቅጂዎች አንዱ ክብረ ነገሥት ተመለሰላቸው። ራስ ተፈሪ በ1924 ለንደንን ከጎበኙ በኋላ አንድ በወርቅ የተለበጠ የብር ዘውድ ተመለሰ። የወርቁ ግን ቀረ። በ2018 የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የመቅደላ ዕቃዎችን ሰብስቦ ባሳየ ጊዜ የሙዚየሙ ዳይሬክተር ለረጅም ጊዜ በውሰት መስጠት እንደሚቻል ሐሳብ አቀረቡ። የባለቤትን ዕቃ ለባለቤቱ ማዋስ!

ሙዚየሙ ለወርቁ ዘውድ የሰጠውን የመዝገብ ቁጥር በመጨረሻ ተመለከትሁት፤ «ኤም 27-2005» ይላል። የመጨረሻው አኃዝ በሙዚየሙ ልማድ ዕቃው በቋሚነት የተመዘገበበት ዓመት ነው። ናፒየር በአደራ ይቀመጥ ማለቱ ለምክር ቤቱ ከተነገረ 134 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።