የአያት ጠመንጃ ዕድሜው ስንት ነው?

«ይሄማ አድዋ የዘመተ ነው» ሲባል እንሰማለን። እስቲ ብረቱን እናንብብ። መጀመሪያ ግን ጥይት አለመጉረሱን አረጋግጡ፣ ቀልድ የለውም!

ውጅግራ የፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» ነው። ላዩ ላይ «1874» ካያችሁ ሞዴሉ ነው፤ የተሠራበት ዓመት በርሜሉ ላይ ለብቻው ተመትቷል፣ ያውም በፈረንጆች አቆጣጠር።

መለያ ቁጥሩስ? ብቻውን ይሸውዳል። የጀርመን ጦር ሞውዘር 98 ላይ ቁጥሩ በየፋብሪካው፣ በየዓመቱ እንደገና ከ1 ይጀምራል፤ 10 ሺህ ሲሞላ ፊደል ይጨመርበታል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው፣ ዕድሜያቸው ግን የተለያየ ጠመንጃዎች ሞልተዋል። ቁጥሩን ከነፊደሉ፣ ከፋብሪካውና ከዓመቱ ጋር አብራችሁ ያዙት።

በነገራችን ላይ ይሄ ሞውዘር የወጣው በ1898 ነው። አድዋ ደግሞ በፈረንጆች 1896። አያታችሁ ዘምተው ይሆናል፣ እሱ ግን አልደረሰም 😄