ፊቱ የተሸሸገ ዜና አንባቢ

ዜና አንባቢ ሰው ነው ወይስ ቧንቧ? ጥያቄው በኛው መሃል በሻይ ሰዓት የተነሣ ነው። ገሚሶቻችን «የሰጡትን ነው የሚያነበው፣ ምን ያድርግ?» አልን። ሌሎቻችን በዚህ አልተስማማንም። እስቲ ለክርክሩ ማጠንከሪያ የእንግሊዛዊውን የሪቻርድ ቤከርን ታሪክ እናንሣ። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ቤከር በ1925 ለንደን ተወለደ። አባቱ የግንብ ለሳኝ ነበር። ልጁ ኬምብሪጅ ገባ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይል አገለገለ፤ ከዚያ ቢቢሲ ሬዲዮ ተቀጠረ።

ጁላይ 5 ቀን 1954 ቢቢሲ የመጀመሪያውን ዕለታዊ የቴሌቪዥን ዜና ሲያሰራጭ ያስጀመረው የቤከር ድምፅ ነው። ድምፁ ብቻ! ተመልካች ያየው ፎቶግራፍ፣ ካርታና ፊልም ነበር። ምክንያቱስ? የአንባቢው ፊት ፈገግ ወይም ኮስተር ቢል ዜናው ገለልተኛነቱን ያጣል ተብሎ ተፈራ።

ይህን ስንሰማ መጀመሪያ ሳቅን። ኋላ ግን ነገሩ የሳቅ ብቻ እንዳልሆነ ገባን። ፊት ቢሸሸግ፣ የትኛው ወሬ ይቅደም፣ የትኛውስ ይቅር ብሎ የሚቆርጠው እጅ መቼ ታየና? ቅንድብ ተጠርጥሮ ብዕር በነፃ ተለቀቀ ማለት ነው። በስብሰባ ላይ የሌላ ሰው የጻፈውን ቃለ ጉባኤ አንብቦ የተጮኸበት ጓደኛችን ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ደንቡም አንድ ዓመት ከጥቂት ቢቆይ ነው። በሴፕቴምበር 1955 የንግድ ቴሌቪዥኑ አይቲቪ አንባቢዎቹን ፊት ለፊት ሊያቀርብ ሲሰናዳ፣ ቢቢሲ ቀደም ብሎ ኬኔት ኬንዶልን በመስኮቱ አሳየ። ቤከርም ተከተለ። ያንን ሁሉ የገለልተኛነት ስጋት ያባረረው ክርክር ሳይሆን ተፎካካሪ መምጣቱ ነው፤ እንግዲህ ስጋቱ ምን ያህል የጠለቀ እንደነበር መገመት ነው!

ቤከር የቴሌቪዥኑን ዜና እስከ 1982 አነበበ። እኛን ይበልጥ የሳበን ግን የሬዲዮ ሥራው ነው። ከ1970 እስከ 1987 ሰኞ ጠዋት «ስታርት ዘ ዊክ» የተባለውን የውይይት ፕሮግራም መራ፤ የሙዚቃ ዝግጅቶችም ነበሩት። እዚህም ፊቱ አይታይም። ሆኖም እንግዳውን የሚጠይቀው፣ የሚስቀው፣ ጨዋታውን የሚያዞረው እሱ ራሱ ነው። በቴሌቪዥን ፊቱ እየታየ የሌላ ሰው ቃል ተናገረ፤ በሬዲዮ ተሸሽጎ የራሱን ተናገረ። «ቧንቧ ነው» ያልነው ወገኖች እዚህ ላይ ዝም አልን።

በ2018 በ93 ዓመቱ አረፈ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ይኖርበት በነበረው የአረጋውያን መኖሪያ፣ አብረውት ያሉት እየተሰበሰቡ ዜና ያነብላቸው ነበር፤ ፊቱን እያዩት።