ያልተጻፈው ጥብቀት፦ የአማርኛ ግስ በጣልያናውያን ፊት

«ፕሬዝዳንቱ ይሾማል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሁለት ተቃራኒ ፍቺዎች አሉት። «ሾ» ላልቶ ሲነበብ ሿሚው ፕሬዝዳንቱ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን ተሿሚው እርሱ ነው። ሥልጣን በማን እጅ እንዳለ የሚለየው ድምፅ በፊደላችን አይታይም። በቋንቋው ውስጥ ያደገ አንባቢ ከዐውዱ ይረዳዋል፤ ችግሩ ገሃድ የሚወጣው ቋንቋው ድንበር ሲሻገር ነው።

ይህን ፈተና ቀድመው ከተጋፈጡት አንዱ የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። በኔፕልስ አማርኛ ያስተማሩት እኒህ ደራሲ በ1905 እ.ኤ.አ. የአማርኛ ሰዋስው፣ በ1911 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስለ አማርኛ ግስ ብቻ የሚያትት መጽሐፍ በጣልያንኛ ሮም ላይ አሳትመዋል። ለባዕድ አንባቢ ግሳችንን የሚያስረዳ ሰው ከጥብቀት ጥያቄ ሊያመልጥ አይችልም፤ የግስ ቤቶች ራሳቸው የሚለዩት በእርሱ ነውና። «ሰበረ» እና «ፈለገ» መካከለኛ ፊደላቸው ይጠብቃል፤ «ይሰብራል» ሲባል ግን «ብ» ይላላል፣ በ«ይፈልጋል» ውስጥ «ል» እንደጠበቀ ይቀራል።

የአፈወርቅ አንባቢዎች የመጡት ከተገላቢጦሽ ልማድ ነበር። ጣልያንኛ ጥብቀትን ይጽፋል። «ፓርሌሬሞ»፣ ማለትም «እንናገራለን»፣ በአንድ «ም» ይጻፋል፤ «በሆነልን እንናገር ነበር» የሚለው ቅርጽ «ም»ን ይደርባል። ከተደረቡት ፊደላት የመጀመሪያው የፊተኛውን ቀለም ይዘጋል፣ ሁለተኛው ተከታዩን ይከፍታል። ጣልያንኛ ለአንባቢው የሚተወው የድምፅ ጫናን ነው። «ካፒቶ» ጫናው በ«ካ» ላይ ሲያርፍ «ብቅ እላለሁ»፣ በ«ፒ» ላይ ሲያርፍ «የተረዳ» ማለት ነው፤ አጻጻፉ ግን አንድ ነው። ምልክት ግዴታ የሚሆነው ጫናው በመጨረሻው ቀለም ላይ ሲያርፍ ነው፤ ያን ጊዜ ቃሉ «ብቅ አለ» ይሆናል።

እንግዲህ እያንዳንዱ ጽሕፈት የገዛ ልጆቹ ያውቁታል ብሎ የሚተወው ነገር አለ። ዛሬ ግን ልጆቻችን ራሳቸው እንደ አፈወርቅ ተማሪዎች ሆነዋል። በጆሃንስበርግ፣ በዛንድስፕሩት ወይም በጄፒ፣ ዙሉኛና እንግሊዝኛ እየሰማ የሚያድግ ኢትዮጵያዊ ልጅ ፊደል ሁሉ ቢለይም «ይሰጣል» ሰጪውን ይሁን የሚሰጠውን ነገር እንደሚያመለክት ከገጹ ሊያውቅ አይችልም።

መፍትሔው ፊደልን ማሻሻል አይደለም። ከፊደሉ በላይ የሚቀመጠው የጥብቀት ምልክት ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ይገኛል። እንደ ጣልያኖቹ በቁጥብነት፣ በልጆች መማሪያና ፍቺ በሚያሻማባቸው የሕግ አንቀጾች ብቻ ብንጠቀምበት ይበቃል።